ከተማን ለጎርፍና ለሙቀት የማዘጋጀት ዕቅድ፦ ከመስክ ጉብኝት እስከ ጥገና

ከተሞችን ለአየር ንብረት ለውጥ ለማዘጋጀት የሚወጡ ዕቅዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፉት በእውቀት ማነስ ሳይሆን በቅደም ተከተል ስህተት ነው። የዕቅድ ቡድኑ ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚተኛ ሳያውቅ የፕሮጀክት ዝርዝር ይጽፋል፤ መሐንዲሱ ቦዩን ባለፉት ዓመታት ዝናብ ልክ ይነድፋል፤ ግንባታው ተመርቆ ሲያበቃ ደግሞ ደለሉን ማን እንደሚጠርግ የተጻፈ ነገር አይገኝም። የሚከተሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት እነዚህን ሦስት ስህተቶች ለመከላከል ስለሆነ ቅደም ተከተላቸውን ሳያዛቡ ይከተሏቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ሳይጨርሱ ምንም ዓይነት ግንባታ በዕቅዱ ውስጥ አያስገቡ።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅትን የሚያካትት ጊዜ ይያዙ። በበጋ ተጀምሮ በበጋ የሚያልቅ ጥናት ውሃውን ሳያይ ይጠናቀቃል። በቡድኑ ውስጥ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ የውሃ መሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያ፣ የአረንጓዴ ልማት ባለሙያና የበጀት ኃላፊ መኖራቸውን ያረጋግጡ። የበጀት ኃላፊው ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይገኝ፤ በመጨረሻ የሚጠራ ከሆነ ሥራው ዕቅዱን መቀነስ ብቻ ይሆናል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መረጃዎች የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ካርታ፣ ቢያንስ የ20 ዓመት፣ ቢቻል የ30 ዓመት የዝናብና የሙቀት መዝገብ፣ የነባር ቦዮችና ቱቦዎች ንድፍ፣ እንዲሁም የሕንፃዎችና የመንገዶች ካርታ ናቸው። የቦዮቹ ንድፍ ከጠፋ (ብዙ ጊዜ ይጠፋል) እንደገና እስኪገኝ አይጠብቁ፤ በደረጃ 1 በእግር እየሄዱ ይለኩት።

ደረጃ 1፦ ውሃውን ተከትለው ይሂዱ

ከባድ ዝናብ በጣለ በማግስቱ፣ ምልክቱ ሳይጠፋ፣ ከተፋሰሱ ራስ ጀምረው እስከ መውጫው ድረስ በእግር ይውረዱ። ሜትር፣ ካሜራና ቦታ መመዝገቢያ ያለው ስልክ ይያዙ።

በአጥር ግድግዳ ላይ ጭቃው የተወው መስመር ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ከማንኛውም ሞዴል በላይ በትክክል ይነግርዎታል። መስመሩን ከመሬት እስከ ላይ ይለኩ፤ ፎቶውንም ሜትሩን አጠገቡ አድርገው ያንሱ። በዛፍ ግንድና በድልድይ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ፌስታል እንዲሁ ማስረጃ ነው። እያንዳንዱ ካልቨርት (ውሃን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ) ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ይመልከቱና ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ የቱቦው ስፋት ስንት ነው፣ ምን ያህሉ በደለልና በፕላስቲክ ተሞልቷል፣ ከእሱ በታች ያለው ቱቦ ከእሱ ይጠባል ወይስ ይሰፋል? ሰፊ ቱቦ ወደ ጠባብ ቱቦ ሲገባ ካዩ ቦታውን በቀይ ምልክት ያድርጉበት።

ነዋሪዎችን ሲጠይቁ «ጎርፍ ያስቸግራችኋል?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎን ነው። ይልቁንም «ባለፈው ጊዜ ውሃው በየትኛው በር ገባ? እስከ የት ደረሰ? ስንት ሰዓት ቆየ?» ብለው ይጠይቁና በቦታው ላይ እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። በታንዛኒያ ዳሬሰላም ከ2015 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተማሪዎችና የሰፈር ነዋሪዎች በራሳቸው እጅ የጎርፍ ተጋላጭ ሰፈሮችን ካርታ ሠርተዋል፤ በመንግሥት መዝገብ ያልነበሩ ቦዮችና መተላለፊያዎች ካርታ ላይ የሰፈሩት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦ የነዋሪው ቃልና የከፍታ ካርታው የማይጣጣሙ ከሆነ ነዋሪውን ከመጠራጠርዎ በፊት ተመልሰው ይሂዱ። ካርታው የማያውቀው አዲስ አጥር፣ የተሞላ ጉድጓድ ወይም ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ ውሃውን አቅጣጫ አስቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ካርታዎችን ደራርበው ይሥሩ

የመጀመሪያው ካርታ ውሃው የሚሄድበትንና የሚተኛበትን ያሳይ። ሁለተኛው ሙቀት የሚከማችባቸውን ሰፈሮች፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰዎቹንና አገልግሎቶቹን ያሳይ፦ አረጋውያን የሚበዙባቸው ቦታዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ተቋማት፣ የኃይል ማከፋፈያዎች፣ የውሃ መግፊያ ጣቢያዎች። ሦስቱ በሚደራረቡበት ቦታ ላይ ቀዳሚ ትኩረትዎ ይሁን። ቅሬታ ከሚበዛበት ሰፈር መጀመር ያጓጓል፤ ነገር ግን አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው ሰፈር ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተጎዳው አይደለም።

የሙቀት ካርታውን ከሳተላይት ብቻ አይውሰዱ። ሳተላይት የሚለካው የጣሪያንና የአስፋልትን ገጽ እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር አይደለም። ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ፀሐይ በማያገኛቸው መለኪያዎች፣ ከቀትር በኋላ እና ጎህ ከመቅደዱ በፊት ይለኩ። የጎህ መቅደጃው ልኬት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም ሌሊቱን የማይቀዘቅዝ ሰፈር የሰውን አካል ዕረፍት ስለሚነሳው በጤና ረገድ ከቀኑ ያላነሰ አደገኛ ነው።

ደረጃ 3፦ ለየትኛው ዝናብ እንደሚያቅዱ ይወስኑ

አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚይዘው የውሃ እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አጫጭርና ኃይለኛ ዝናቦች የሚበረቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ካለፈው መዝገብ የወጣውን የዝናብ ጥንካሬ እንዳለ አይውሰዱ፤ የአገርዎ የሜትሮሎጂ ተቋም የሚሰጠው የማስተካከያ መጠን ካለ ይጨምሩበት፤ ከሌለም በሁለት አማራጭ፣ ለምሳሌ 10 እና 20 በመቶ በመጨመር፣ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ይሥሩ።

ለውሳኔ ሰጪዎች «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለውን ቃል ሲያቀርቡ ወዲያውኑ ያብራሩት። በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ማለት ሳይሆን በየትኛውም ዓመት 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ማለት ነው። 30 ዓመት በሚያገለግል ቤት ዕድሜ ውስጥ ይህ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር በስብሰባ ላይ የሰውን ሐሳብ ሲቀይር በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የሚጠበቀውን የአገልግሎት ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 150 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ከወረደባት በኋላ በ2012 ባወጣችው ዕቅድ በ100 ዓመት ዝናብ ጊዜ በመንገድ ላይ የሚተኛው ውሃ ከ10 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ወስናለች። ዓረፍተ ነገሩ ውሃ ጨርሶ አይኖርም አይልም፤ ምን ያህል ውሃ የት ሊተኛ እንደሚፈቀድ ይናገራል። የእርስዎም እንዲሁ ሊለካ የሚችል ይሁን።

ደረጃ 4፦ ስሌቱን በእጅዎ ይሥሩ

ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት ለእያንዳንዱ ንዑስ ተፋሰስ ቀላሉን ስሌት ያስሉ። የሚፈሰውን ድርሻ (ከወደቀው ዝናብ ውስጥ ሳይሰርግ በመሬት ላይ የሚሄደውን)፣ የዝናቡን ጥንካሬ በሚሊሜትር በሰዓት እና ስፋቱን በሄክታር አባዝተው ለ360 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በሰከንድ የሚወርደው ውሃ በሜትር ኩብ ነው።

12 ሄክታር የሆነ፣ ገና ሣርና ጓሮ የበዛበት ሰፈር እንውሰድ። የሚፈሰው ድርሻ 0.35፣ የዝናቡ ጥንካሬ በሰዓት 60 ሚሊሜትር ቢሆን 0.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይወርዳል። ያው ሰፈር ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ ተሸፍኖ ድርሻው 0.80 ሲደርስ 1.6 ይሆናል። በዚህ ላይ ዝናቡ በ20 በመቶ ሲጠነክር 1.92 ይደርሳል። ከ0.7 ወደ 1.92 ከተጨመረው ውስጥ 0.9 ያህሉ የመጣው ከሲሚንቶው ነው፤ ከሰማይ የተጨመረው 0.32 ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፤ ከተማው በራሱ ውሳኔ ሊመልሰው የሚችለው የቱን እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ያሳያል። በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የራስዎን ከተማ ተመሳሳይ ቁጥሮች ያስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ስሌት ለትናንሽ ተፋሰሶች የመጀመሪያ ግምት ነው። ከ100 ሄክታር ለሚበልጥ ስፋት ወይም ግድብና ማቆያ ላለበት ቦታ የውሃውን መነሣትና መውረድ በየደቂቃው የሚከታተል ሞዴል ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ለውሃው ቦታ ይስጡት

ቦዩን ማስፋት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ላይኛውን ቦይ ብቻ ማስፋት ጎርፉን አያጠፋውም፤ በፍጥነት ወደ ታችኛው ሰፈር ይልከዋል። ቅደም ተከተሉ ውሃውን በወደቀበት ማስረግ፣ ከዚያ ማቆየት፣ የተረፈውን ማሳለፍ ነው።

ሀ. ማስረግ

አስቀድመው አፈሩን ይፈትኑ። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ማስረጊያው ወለል እስከሚደርስበት ጥልቀት ይቆፍሩ፤ ውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ይተዉት። በማግስቱ እንደገና ሞልተው በየ30 ደቂቃው ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ፤ ሁለት ተከታታይ ልኬቶች እስኪቀራረቡ ይቀጥሉ። ውሃው በሰዓት ከ13 ሚሊሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ አፈሩ ያሰርጋል ብለው አይመኑ፤ ከሥሩ ጠጠር አንጥፈው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቅበሩ። የከርሰ ምድር ውሃው በዝናብ ወቅት ከማስረጊያው ወለል ከ1 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ የሚገኝ ከሆነም ቦታውን ይተዉት። በገደል አፋፍና ከቤት መሠረት አጠገብ ፈጽሞ ውሃ አያስርጉ፤ መሬት እንዲንሸራተት ምክንያት ይሆናሉ።

በመንገድ ዳር የሚሠራ የአትክልት ማስረጊያ ስፋቱ ውሃውን ከሚቀበልለት ጥርብ ወይም አስፋልት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሁን። የአፈሩ ገጽ ከመንገዱ ጠርዝ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። አብዛኞቹ የማይሠሩት በዚህች ልዩነት ምክንያት ነው፦ ሠራተኛው አፈሩን እስከ ጠርዙ ሞልቶ አበባ ይተክልበታል፤ ውሃውም በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። ርክክብ ከመፈጸምዎ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ መንገዱ ላይ ያፍስሱና ወደ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ።

ማስረጊያዎቹን በዙሪያቸው ያለው ግንባታ ካለቀ በኋላ ይሥሩ። አስቀድመው ከተሠሩ የግንባታው አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ይደፍናቸዋል፤ ከባድ ማሽን ከተነዳባቸውም አፈሩ ተጠቅጥቆ ውሃ አያሳልፍም። ከተደፈኑ የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር አፈር አንሥተው በአዲስ ይተኩ እንጂ ውሃው እንዲሰርግ በዶማ መጎርጎር ብቻውን አይበቃም።

ለ. ማቆየት

በደረጃ 4 ያየነው ሰፈር ከቀድሞው በላይ የሚያወርደው ውሃ በሰከንድ 1.22 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ለ30 ደቂቃ ቢቀጥል 2,196 ሜትር ኩብ ይሆናል። 7,000 ካሬ ሜትር የሆነ የኳስ ሜዳ በ32 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል ይህን ሁሉ ይይዛል። በኔዘርላንድ ሮተርዳም ከተማ በ2013 የተከፈተ አንድ አደባባይ በደረቅ ቀን መጫወቻ፣ በዝናብ ቀን የውሃ ማቆያ ሆኖ የሚያገለግለው በዚህ አሠራር ነው። ሲንጋፖር ደግሞ በአንድ ፓርክ ውስጥ የነበረውን 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ በ2012 ወደ 3.2 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወንዝ ቀይራ፣ ዳርቻውን በደረቅ ጊዜ ለሰው መዝናኛ፣ በሙላት ጊዜ ለውሃው መተኛ አድርጋዋለች።

የቆየው ውሃ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ የወባና የዴንጊ ትንኞች መራቢያ ይሆናል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ማቆያ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ ተወስኖ፣ መውጫው በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) የተጠናከረ ይሁን። ይህ ያልተወሰነለት ማቆያ አንድ ቀን መውጫውን ራሱ ይመርጣል።

ሐ. ማሳለፍ

ቀሪውን ውሃ የሚያሳልፉ ቦዮችንና ካልቨርቶችን ከታች ወደ ላይ ያስፉ። መንገዱ ራሱ እንደ ቦይ የሚያገለግልባቸውን መስመሮች ይምረጡና የቤቶች ወለል ከመንገዱ ከፍ እንዲል ያስገድዱ።

ደረጃ 6፦ ሙቀቱን ሰው በሚቆምበት ቦታ ይቀንሱ

ጥላን የሚተክሉት ቦታ ስለተገኘ ሳይሆን ሰው ስለሚቆምበትና ስለሚሄድበት ይሁን፦ የአውቶብስ መጠበቂያ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የሚያስኬድ የእግረኛ መንገድ፣ የገበያ ዳር። ዛፎቹ የሚሞቱት በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከ20 እስከ 30 ሜትር ኩብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ይፈልጋል። ሁለተኛው ከተከላ በኋላ መረሳት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት የሚያጠጣ ሰውና የውሃ ምንጭ በስም ካልተመደበ አይትከሉ። በሽታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳይጨርሳቸው አንድ ዝርያ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያድርጉ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ባላቸው ሰፈሮች ፈጣኑ እርምጃ ጣሪያውን ፀሐይ የሚመልስ ነጭ ቀለም መቀባት ነው። የእግረኛ መንገድን ነጭ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨረሩ ተመልሶ የሚሄደውን ሰው ስለሚመታ በጥንቃቄ ካልተፈተነ አይመከርም።

የሕንዷ አህመዳባድ በ2010 ከባድ ሙቀት ብዙ ሰው ከሞተባት በኋላ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አውጥታለች። ከእሷ የሚወሰደው ዋናው ነገር ትንበያው የተወሰነ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው ሆስፒታል ምን እንደሚያዘጋጅ አስቀድሞ መጻፉ ነው።

ደረጃ 7፦ ሰንሰለቱን ይፈትሹ

ለእያንዳንዱ ወሳኝ አገልግሎት «ይህ እንዲሠራ ምን መሥራት አለበት?» ብለው እስከ መጨረሻው ይጠይቁ። ሆስፒታሉ መብራት ይፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መግፊያው የት ነው? በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ ትልልቅ ሆስፒታሎች በሽተኞቻቸውን ለማውጣት ተገደዋል፤ የመጠባበቂያ ኃይል አሠራሩ ከፊል ክፍሎች ውሃ በገባበት ምድር ቤት ውስጥ ነበሩ። ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተርና መግፊያ ከተወሰነው የጎርፍ ከፍታ በላይ መሆናቸውን በሜትር ለክተው ያረጋግጡ።

ድርቅም በዚሁ ደረጃ ይታይ፦ ከተማው ስንት የውሃ ምንጭ እንዳለው፣ ምን ያህሉ በቱቦ መፍሰስ እንደሚባክን፣ ምንጩ ምን ያህል ሲቀንስ የፍጆታ ገደብ እንደሚጀመር። ኬፕታውን በ2018 ነዋሪዎቿን በቀን 50 ሊትር ላይ ለመገደብ ተገድዳለች፤ እንዲህ ያለ ገደብ ተከታታይ እርከኖቹ አስቀድመው ሲጻፉ ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ካርታውን ከግንባታ ፈቃድ ጋር ያስሩት

የጎርፍ ካርታው ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሌለ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በፈቃድ ማመልከቻው ቅጽ ላይ ቦታው በጎርፍ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ የወለሉ ከፍታና የማይሸፈነው የግቢ ድርሻ የግድ የሚሞላ ይሁን።

ከወንዝ ዳር የተከለለ መሬትን ባዶ አይተዉት፤ ባዶ መሬት በአንድ ክረምት ውስጥ ይያዛል። የችግኝ ጣቢያ፣ ሜዳ ወይም የእግር መንገድ ያድርጉበት። እዚያ የሚኖሩ ሰዎችን ማንሣት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የግድ ከሆነም ከሥራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሳይርቁ፣ ካሳውና ቤቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ከእነሱ ጋር በመመካከር ይሁን። ከመተዳደሪያው ርቆ የተወሰደ ሰው ይመለሳል፤ ሲመለስም ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ቦታ ላይ ይሰፍራል። ይህን ስህተት የሠራ ዕቅድ በካርታ ላይ የተሳካ ቢመስልም ሰዎቹን ሁለት ጊዜ ጎድቷል።

ደረጃ 9፦ ጥገናውን ከግንባታው በፊት ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ግንባታ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፦ የሚጠግነው የሥራ ክፍል፣ የኃላፊው የሥራ መደብ፣ የሚጠረግበት ጊዜ፣ ዓመታዊ ወጪው። ገጹ ያልተሞላለት ግንባታ ጨረታ አይውጣበት። ጠረጋው ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ይደረግ። ከቦይ የወጣ ደለል በዕለቱ ተጭኖ ይሂድ። በቦዩ ጠርዝ ላይ የተከመረ ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ለጠረጋው የወጣው ገንዘብም አብሮት ይቀበራል።

በጀቱ ከተቀነሰ አዲስ ግንባታ ይዘግይ እንጂ ጠረጋው አይቀነስ። ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በደረጃ 1 በቀይ ምልክት ያደረጉባቸውን ካልቨርቶች ይጥረጉ፤ የጠበቡትንም ከታች ጀምረው ይተኩ።

ደረጃ 10፦ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ዕቅዱን ያርሙ

በድልድዮች ላይ በቀለም የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ይሣሉ፤ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች የዝናብ መለኪያ ያስቀምጡና በየጠዋቱ የሚመዘግብ ሰው ይመድቡ። ውሃው ቢጫው ላይ ሲደርስ ማን እንደሚጠራ፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ይጻፍ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትም ሙሉው ሰንሰለት አንድ ጊዜ በስልክ ይሞከር። በሙከራው ስልኩን ያላነሣ ሰው ካለ በምትኩ ሌላ ሰው ይጨመር።

ጎርፍ በደረሰ በ7 ቀናት ውስጥ ቡድኑ በደረጃ 1 የሄደበትን መንገድ ሜትሩን ይዞ እንደገና ይሂድ። የጭቃው መስመር በዕቅዱ ላይ ከተገመተው ከፍታ በላይ ወይም በታች ከሆነ ልዩነቱን በሴንቲሜትር ይመዝግቡ፣ ስሌቱን ያስተካክሉ፣ በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ያለውንም ካርታ በዚያው ሳምንት ይቀይሩት።